የጎረቤቱ ቅጠል

ውድ ዘካሪያስ፣

«ውድ» የምትለዋ ቃል ከእጄ አምልጣ ነው የተጻፈችው። ልሰርዛት ስል ወረቀቱ ቆሸሸብኝ፣ ተውኳት። አንተም ብዙ አትመካባት። ስልኬን አታነሳም። በቴሌግራም የምልክልህን አንብበህ ዝም ስትል ከርመህ ባለፈው ሳምንት ጭራሽ ዘጋኸኝ። ደብዳቤ ግን አይዘጋም። እህትህ ቆንጅት ለአባታችሁ መድኃኒት ልትገዛ አዲስ አበባ ስለምትመጣ በእጅህ ታስረክብሃለች። ስለ እናቴ ይቅርታ የምጠይቅህ መስሏታል፣ እኔም አላረምኳትም። እሷ ፊት አትክፈተው፤ ፊትህ ሲለዋወጥ እንዳታይህ።

ባለፈው የገበያ ቀን ከእማዬ ጋር ቆቦ ገበያ ወርደን ነበር። ማሽላ እየመረጠች ሳለ ነጋዴዋ አስረሳሽ ስልኳን አወጣችና «እማማ ሰይዳ፣ ዶክተሩ ስለ እርስዎ በፌስቡክ የጻፈውን ሰሙ?» አለቻት። ከዚያ ለራሷ ደንበኞች ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችው። «በምርምሩ ወቅት መረጃ ሰጪዋ ሆን ብለው የተሳሳተ ተክል በማሳየታቸው ለተፈጠረው ችግር የምርምር ቡድኑ ኃላፊነት እንደማይወስድ እየገለጽን፣ ለተጎጂዎች የተሰማንን ሐዘን እንገልጻለን።» አባትህ «ተጎጂዎች» ውስጥ ተደምሮ እንደሆነ አላውቅም። ስሙን አልጠራኸውም።

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «መረጃ ሰጪ ማለት ጆሮ ጠቢ ነው?»

«አይደለም እማዬ። የጠየቁትን የሚመልስ ሰው ማለት ነው።»

«እኔኮ የጠየቀኝን አልመለስኩለትም» አለች፣ እንደ ቀልድ። ሣቅ ሊያመልጠኝ ነበር። አስረሳሽ ግን ጣሳውን ከእማዬ እጅ ነጠቀችና «ይቅርታ እማማ፣ እህሌን አይንኩብኝ። እርስዎ የነካኩትን ማን ይገዛኛል?» አለቻት። ይቺን አስረሳሽ ታውቃታለህ። ሁለት ልጆቿን በእማዬ መድኃኒት ከሞት አፍ ያወጣች ሴት ናት። እማዬ መዳፏ ላይ የቀረችውን ጥቂት ማሽላ መልሳ ከክምሩ ላይ አራገፈች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ «እንሂድ» አለችኝ። ባዶ ዘንቢል ይዘን በባጃጅ ተመለስን።

ያን ቀን ነው ልጽፍልህ የወሰንኩት። መናደድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስቆጣ ውዬ ይወጣልኝ ነበር። ይሄኛው ግን ይቀፋል። ስምህ ሲጠራ ዝንብ የወደቀበት ወተት የጠጣሁ ያህል ያቅለሸልሸኛል።

እስቲ ያንን ቀን አብረን እናስታውሰው። አምስት ዓመት ሆነው፣ ዝናቡ ገና ማቆሙ ነበር። በዩኒቨርሲቲው መኪና መጣህ። «የወፍ በሽታ የምታድኚበትን ቅጠል አሳዪኝ፣ ላጠናው ነው» አልካት። እማዬ ደስታዋ! አንተን ከእኔ እኩል ነው የምታይህ። አባቴ እንድሪስና አባትህ ጋሽ አያሌው አንድ አንድ በሬያቸውን እያቀናጁ ያረሱ ሰዎች ናቸው። አንተም ብትሆን በስድስት ዓመትህ ዓይንህ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ ከሮቢት ድረስ ተሸክመውህ መጥተው፣ እማዬ ናት ያሻረችህ። ዞብል ተራራ ሥር ወዳለው ደረቅ ወንዝ ወሰደችንና አንድ ቢጫ አበባ ያለው፣ ቅጠሉ ጸጉራም የሆነ ተክል አሳየችህ።

«እማማ፣ እሱ ነው?»

«እሱ ነው የኔ ልጅ። ደሞ ና እሺ? ደሞ ና። ሦስተኛዋ ቀን ኸይር ናት።»

አንተ በጂፒኤስህ ቦታውን መዘገብክ፣ ፎቶ አነሳህ፣ በሦስት ማዳበሪያ ጠቅጥቀህ ጫንክና ሄድክ። «ደሞ ና» ስትልህ የደግነት ንግግር መስሎህ ነው? እንደዚያ ነው የምትለው ዛሬ። ዘካሪያስ፣ አንተ ፈረንጅ አይደለህም፣ የራያ ልጅ ነህ። እማዬ መድኃኒት ለሚፈልግ መድኃኒት ትሰጣለች፣ በእጇ ወቅጣ፣ በእጇ ለክታ ታጠጣዋለች። ቅጠሉን ልወቅ ለሚል ግን መጀመሪያ የመጣ ቀን የምታሳየው ጎረቤቱን ነው፤ ከመድኃኒቱ አጠገብ የበቀለ ሌላ ቅጠል። ያንን አይቶ በዚያው የቀረ፣ ለወሬ የመጣ ነው። ሁለተኛ የተመለሰውን ታስቀምጠዋለች፣ ታጫውተዋለች፣ ጠባዩን ታያለች። ሦስተኛ የመጣውን እጁን ይዛ ትወስደዋለች። እናቷም እንደዚሁ ነበረች፣ የእናቷም እናት። «እፅ እንደ ልጃገረድ ነው፣ በአንድ ቀን ሽምግልና አይሰጥም» ትላለች። ሲነቀል ያልቃላ! እውነተኛው ቅጠል በዚያ ወንዝ ዳር ስንት ሥር እንደቀረው ብታይ አንተም ታዝን ነበር።

እሺ፣ አላወቅክም እንበል። እኔ ግን ነገርኩህ።

አዲስ አበባ ላብራቶሪህ ድረስ ለሁለት ሳምንት የወሰድከኝ ጊዜ ነበር። የቆቦ ክሊኒክ የላብራቶሪ ባለሙያ ሆኜ በዚያ ሁሉ ብርጭቆና ማሽን መሐል መቆሜ ራሱ አስክሮኝ ነበር፣ አልዋሽህም። ቅጠሉን በጥላ አድርቀን፣ ፈጭተን፣ በሜታኖል ዘፈዘፍነው። ሳፖኒን እንዳለው ለማየት ስንንጠው አረፋው አልወርድ አለ። ታኒን እንዳለው ለማየት ፌሪክ ክሎራይድ ጠብ ስናደርግበት ጠቆረ። አልካሎይድ መኖሩን የሚያሳየውን ፈሳሽ ጠብ ሳደርግበት ግን ብርቱካንማ ዝቃጭ ከላይ እስከ ታች ሞላው። ያን ያህል ዝቃጭ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ዘካሪያስ፣ ይሄ በጣም ብዙ ነው። ምን ዓይነት አልካሎይድ ነው?» አልኩህ።

«ሦስት ፕላስ አድርጊበት» አልከኝ። ዓይንህን ከስልክህ ላይ አላነሳህም።

ሦስት ፕላስ። «በብዛት አለው» ማለት ነው። እኔም አደረግሁበት። አልካሎይድ የአንድ ነገር ስም አይደለም፣ የብዙ ነገር የቤተሰብ ስም ነው። ቡና ውስጥ አለ፣ ጫት ውስጥ አለ፣ ሰው የሚገድልም ውስጥ አለ። «አልካሎይድ አለው» ብሎ ማቆም ደጅ የቆመው እንግዳ ይሁን ሌባ ሳይጠይቁ በር ወለል አድርጎ መክፈት ነው። ይሄን ከእኔ በላይ አንተ ታውቃለህ፣ ዶክተሩ አንተ ነህ።

ያን ዕለት ነው «ደግሞም ይሄ ቅጠሉ አይደለም፣ ጎረቤቱ ነው» ያልኩህ። የእማዬን ወግ ከሀ እስከ ፐ አስረዳሁህ። «ሁለት ጊዜ ተመለስ፣ እውነተኛውን ታሳይሃለች» አልኩህ። ሳቅክ። «ሳሊ፣ ፕሮፖዛሉ አንድ የመስክ ጉዞ ነው የፈቀደልኝ» አልከኝ። ወደ ቆቦ ከተመለስኩ በኋላ ኅሊናዬ አላስቀምጥ ቢለኝ በቴሌግራም ደግሜ ጻፍኩልህ። መልስህ እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለች። «ሳሊዬ፣ ተክል ተክል ነው። ውጤቱ ቆንጆ ነው፣ አታበላሺው። ስምሽን ሦስተኛ አድርጌዋለሁ።» ከጎኑ የምትስቅ ፊት አለች።

እኔም ዝም አልኩ። ተገድጄ ዝም ያልኩ እንዳይመስልህ፣ ደስ ብሎኝ ነው። ስሜን በጥናቱ ጽሑፍ ላይ በእንግሊዝኛ ታትሞ ሳየው ደጋግሜ ዳሰስኩት። በዚያች ወረቀት ነው የክሊኒካችን ላብራቶሪ ኃላፊ የሆንኩት። ስለዚህ ስሰድብህ ራሴን ንጹሕ አድርጌ እንዳይመስልህ፤ ግማሹ ስድብ ወደ እኔው ይመለሳል።

የሞከርክባቸው አይጦች አሥራ አራት ቀን ጠጥተው ስላልሞቱ «ደኅንነቱ የተረጋገጠ» ብለህ ጻፍክ። ከዚያ የቅጠሉ ዱቄት ለገበያ መጣ። «የራያ በረከት»፤ አረንጓዴ እሽግ፣ አንተ ነጭ ጋውን ለብሰህ ስትስቅ። ባጃጅ ላይ ድምጽ ማጉያ አስረው ከቆቦ እስከ ጎብዬ «በሳይንስ የተረጋገጠ የወፍ በሽታ መድኃኒት፣ ጉበት የሚያጥብ» እያሉ ጮሁበት። እማዬ አንዱን እሽግ ከፍታ አሸተተችና «ይሄ የኔ አይደለም» አለች። «ሌላ ነው እማዬ፣ ከሌላ አገር ያመጡት ነው» አልኳት። እናቴን እንዲህ አድርጌ ዋሸኋት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ።

አባትህ ምንም ሳያመው ነው መጠጣት የጀመረው። እሽጉን ከገብርኤል ሥዕል አጠገብ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ጠዋት አንድ ኩባያ፣ ማታ አንድ ኩባያ። እንግዳ ሲመጣም «የልጄን ሻይ ቅመሱ» ይላል። ስሄድ ለእኔም አቀረበልኝ፣ «ጨጓራዬን ያመኛል» ብዬ ተውኩት። ተመልከት፣ ለራሴ ሲሆን ጠረጠርኩ።

ባለፈው በጋ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሆዱ መነፋት ጀመረ። ታዲያ ምን አደረገ? የወፍ በሽታ ያዘኝ ብሎ ዱቄቱን እጥፍ አደረገው! ቆንጅት ናት በእጇ እያፈላች ያጠጣችው። ደሙን ስመረምር የጉበቱ ኢንዛይሞች ጣራ ነክተዋል። የጉበት ቫይረስ የለበትም። መጠጥም በዓል ካልሆነ አይቀምስም። ወልድያ ላክነው፣ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አይቶ «የጉበትዎ ደም ሥሮች እየተደፈኑ ነው፣ ምን ይጠጣሉ?» አለው። አባትህ ኮራ ብሎ «የልጄን መድኃኒት» አለ።

ያኔ ነው ቁጭ ብዬ ያላነበብነውን ያነበብኩት። እንደዚያ ያለ ቢጫ አበባ ያላቸው ተክሎች ላይ የሚገኝ ፒሮሊዚዲን የሚባል የአልካሎይድ ዓይነት አለ። በአሥራ አራት ቀን አይገድልም። ጉበት ላጣራው ብላ ስትነካው ነው ወደ መርዝ የሚለወጥባት፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት፣ በወራት። እኛ ሦስት ፕላስ ብለን ያለፍነው እሱን እንደሆነ ምርመራ ሳይደረግ እምላለሁ አልልም። አንተ ግን መመርመሪያው እያለህ ለአምስት ዓመት አልመረመርክም።

ሮቢት ሄጄ ለአባትህ ነገርኩት። ትራሱን ተደግፎ ሰማኝ።

«ሳሊሀ ልጄ፣ እንድሪስ ያሳደገሽ ነሽ፣ አትዋሺም» አለኝ። «ግን እኔ ይሄን ብተው አገሩ ምን ይላል? አያሌው የልጁን ሙያ ራሱ ተፋው አይሉም? እሱ ራሱ በአፉ 'አባባ ተው' ይበለኝ። የዚያኑ ቀን እተዋለሁ።»

ሁለት ቃል ነበር የተፈለገብህ። አባባ፣ ተው። ደወልኩልህ፣ አንድ ቀን አነሳህና «ስብሰባ ላይ ነኝ» አልከኝ። ቀጥሎ «ሐኪሙ ያለውን እንዲሰማ ንገሪው» ብለህ ጻፍክ። አሁን ሳስበው ይገባኛል፣ «ተው» ብለህ ከአፍህ ካወጣሃት ጥፋትህን ማመንህ ናት። አባትህ ይህንን ሁሉ ጊዜ ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀምጦ ይተኛ ነበር።

በመጨረሻ ለእማዬ ሁሉንም ተናዘዝኩላት፣ የቴሌግራሟንም መልእክት አነበብኩላት። ትመታኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ጫማዋን አደረገች። በሚኒባስ ሮቢት ደረስን። አባትህ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና «አያሌው፣ ልጅህ አልበደለም» አለችው። «እኔ ነኝ ያታለልኩት። ሌላ ቅጠል ነው ያሳየሁት።»

«ለምን ሰይዳ? ለምን?»

«ቅናት ነው። ሙያዬን የሚወስድብኝ መሰለኝ። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

ቅናት! «ደሞ ና ብዬው ቀረ» አላለችም። ስለ ወጉ አላነሳችም። አባትህ እንባው ጢሙ ላይ እየወረደ «ታዲያ ልጄ ያውቅ ኖሯል?» አላት። እኔ አፌን ልከፍት ስል ቀደመችኝ፣ «ወላሂ! የት ያውቃል እሱ? እኔን አምኖ ነው እንጂ» አለች። እናቴ በአላህ ስም በሐሰት ስትምል በዕድሜዬ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አባትህ እፎይ አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ጭንቀት ሲለቀው ዐየሁት። «ቆንጅት፣ ያንን ነገር አውርጂልኝ» አለ። ቆንጅት እሽጉን ከግድግዳው አወረደች፣ ከዚያ እናቴ እግር ሥር እንትፍ ብላ በሩን አሳየቻት። ለእኔ ግን በኋላ «አንቺን አልጠላሽም፣ አንቺ ምን ታደርጊ» ብላኛለች። አየህ፣ እንኳን ተሰድቤ ሸክሜ ሊቀል፣ ታዘነልኝ።

ወሬው በሁለት ቀን ራያን አዳረሰ። ዱቄቱን የሚገዛ ጠፋ፣ ያም የሆነው በእናቴ ውሸት እንጂ በአንተ እውነት አይደለም። ከዚያ ወዲህ እማዬን መድኃኒት የሚጠይቃት የለም። በመንገድ ስታልፍ ልጆቻቸውን ወደ ውስጥ የሚያስገቡ አሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን አንተ ምን አደረግክ? የተጣለልህን መሸፈኛ አንስተህ ለበስከው። «መረጃ ሰጪዋ ሆን ብለው» ብለህ ለጠፍከው። አንዲት አሮጊት ለአባትህ ነፍስ ስትል በፈቃዷ የተሸከመችልህን ነውር ወስደህ ማስረጃ አደረግከው፣ ስትጽፈውም እውነቱን ታውቅ ነበር። ወንጀል ሲባል ሰው ይፈራል። ይሄ ግን ከወንጀል በታች የሆነ፣ ስም የሌለው የሚገማ ነገር ነው።

ያቺን መልእክትህን አንድ ጊዜ ብነካት ከቆቦ እስከ ጎብዬ ሁሉ ሰው ያነባታል። አስረሳሽም ታነባታለች። እናቴ ቀና ብላ ማሽላዋን ትገዛለች። የእኔም ሦስተኛ ስም አብሮ ይዋረዳል፣ ይዋረድ። ጣቴን ስልኩ ላይ አድርጌ ሳለ እማዬ ያዘችኝ። «ተይ ልጄ። አያሌው ይሰማል። ልጁ እያወቀ ዝም እንዳለው ቢሰማ የጉበቱን ሳይጠብቅ ይሞታል። እሱ በሰላም እስኪያልፍ እንታገስ። አብሽሪ፣ እኔን አላህ ያውቀኛል።»

እስኪያልፍ። ገባህ? የእናቴ ስም የሚነጻው አባትህ የሚሞት ቀን ነው። በዚህ ነው የተስማማነው እኔና እሷ፣ ሻይ እየጠጣን።

ሐሙስ ዕለት ቆንጅት አባትህን ይዛው መጣች። ደሙን ቀዳሁት። «እጅሽ አያምም፣ እንደ እናትሽ ነው» አለኝ። ወዲያው ስለ እናቴ መናገሩ ትዝ ብሎት ደነገጠ። ውጤቱን ሳየው ዓይኑን ቢጫ ያደረገው ቢሊሩቢን ወርዷል። ኢንዛይሞቹ በአንድ ወር ውስጥ ከግማሽ በታች ሆነዋል። ዱቄቱን ካቆመ ወዲህ ጉበቱ እያገገመ ነው። ሊድን ይችላል፣ ዘካሪያስ። አባትህ ሊተርፍ ይችላል።

እኔም ወረቀቱን ይዤ ቅር አለኝ።

ደግሜ ልጻፍልህ፤ ቅር አለኝ። የሚወደኝ፣ የአባቴ ጓደኛ፣ በልጅነቴ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ማሳ ለማሳ ያዞረኝ ሰው እየዳነ እንደሆነ አነበብኩና ቅር አለኝ። ጓንቴን አውልቄ እጄን ታጠብኩ። ንጹሕ አልመስል ብሎኝ ደግሜ ታጠብኩ። ውጭ ወጥቼ «ተሽሎታል» ስላቸው ቆንጅት እልል ብላ አቀፈችኝ፣ አባትህ እጄን ሳመኝ። እኔ ለአንተ ያለኝን መጸየፍ ሁሉ በዚያች ሰዓት ራሴ ላይ አገኘሁት።

ስለዚህ ይቅርታህን አልፈልግም፣ ማስተባበያህንም አልፈልግም። ና። ከቆንጅት ጋር ተመልሰህ ና፣ አባትህ ፊት ተቀመጥና በራስህ አፍ ንገረው። ከእኔ ወይም ከፌስቡክ ሲሰማው ይገድለዋል፣ ከልጁ ሲሰማው ግን ምናልባት ይችለው ይሆናል። አባት ነው፣ ይችላል።

ካልመጣህ እኔ እዚሁ ላብራቶሪ ቁጭ ብዬ በየሳምንቱ የአባትህን ቁጥር አያለሁ። እንዲወርድ ይሁን እንዲወጣ የትኛውን እንደምመኝ ግን አትጠይቀኝ።

ሳሊሀ እንድሪስ
ቆቦ